ለገጠር መንገድ መኪና ባሌስትራ አመራረጥ፦ ከአባይ በረሃ እስከ ጮቄ ለሚነዱ ዝርዝር መመሪያ

ጎጃም ውስጥ መኪናውን ለገጠር መንገድ ማዘጋጀት የፈለገ ሰው ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ “ከፍ አድርግልኝ” ነው። ሌላው “ባሌስትራ ጨምርበት” ነው። ሁለቱም ሥራውን ከመጨረሻው ይጀምሩታል። ባሌስትራ፣ ማለትም በአክስሉና በሻንሲው መሀል ክብደቱን የሚሸከሙት የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች፣ መመረጥ ያለበት መኪናው አዘውትሮ በሚሸከመው ክብደት ነው። ቀጥሎ በርዝመቱና በቅጠሎቹ ውፍረት ነው። ከፍታው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት የድሮ ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስ ወይም ሱዙኪ ኖሯችሁ ሰስፔንሽኑን ለመቀየር ላሰባችሁ ነው። ብረቱን ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ አብዛኛው የሚሠራው በነዚህ ነው።

መጀመሪያ የትኛውን ቅየራ እንደምትፈልጉ ለዩ

“ቅየራ” ሲባል ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ።

ቀላሉ፣ የደከመውን ወይም ደረቅ የሆነውን ባሌስትራ አውጥቶ ረዘም ባለና ለስለስ ባለ መተካት ነው። ሻንሲው ላይ ያለው ማንጠልጠያ (የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ይዞ የሚወዛወዘው) ትንሽ ወደ ኋላ ይሄድ ይሆናል እንጂ ሌላው ብዙም አይነካም።

ሁለተኛው፣ ከአክስሉ ሥር የታሰረውን ባሌስትራ ወደ አክስሉ ላይ ማዞር ነው። የድሮዎቹ ባለ 40 እና ባለ 60 ላንድክሩዘሮች፣ እንዲሁም ሱዙኪ ሳሙራይ ከፋብሪካ ሲወጡ ባሌስትራቸው ከአክስሉ ሥር ነው። ወደ ላይ ሲዞር መኪናው በአክስሉ ቱቦ ውፍረትና በድርቡ፣ ማለትም በተደራረቡት ቅጠሎች ጠቅላላ ውፍረት ልክ ከፍ ይላል። ቱቦው 7.5 ሴንቲሜትር፣ ድርቡ 5 ሴንቲሜትር ከሆነ 12.5 ሴንቲሜትር አገኛችሁ ማለት ነው። መቀመጫው ሲጨመርበት ደግሞ ትንሽ ከዚያ ያልፋል። ይህ ብዙ ከፍታ ነው። መዘዙም ብዙ ነው፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም ከባዱ ነው። የፊት እግሮቹ ለየብቻቸው የሚንቀሳቀሱትን ሃይሉክስ አንድ ወጥ አክስልና ባሌስትራ ወዳለው መቀየር ነው። መሪው፣ የፍሬን ቱቦው፣ የፊቱ ካርዳን (ጉልበቱን ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ)፣ የሻንሲው ማሰሪያ ሁሉ አዲስ ይሠራል። ጥሩ በያጅና ጥሩ ቶርኖ ቤት አጠገባችሁ ከሌለ አትጀምሩት።

ባለ 70 ላንድክሩዘር ያላችሁ ደግሞ የመኪናችሁን ዘመን አጣሩ። ከባድ ሥራ ላይ የሚውሉት ዓይነቶች እ.ኤ.አ. እስከ 1999 ድረስ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የፊቱ ጥምዝ ሞላ ሆነ፤ የኋላው ባሌስትራም ረዘመ። ያ የረዘመው የኋላ ባሌስትራ ለቅየራ ከሚፈለጉት አንዱ ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ጎጃም ውስጥ ለሚነዳ አብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ቅየራ ይበቃዋል። ወደ ጮቄ ስትወጡ መንገዱ ብዙ ቦታ ወደ ጎን ያጋደለ ነው። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላ በኩል ገደል። እዚያ ላይ 13 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ መኪና ጣሪያው ላይ ጭነት ጨምሮ ሲሄድ ቁመቱ ጠላቱ ነው።

መንገዳችሁንና ጭነታችሁን ጻፉ

ይሄ እንደ ትርፍ ሥራ ይታያል። ግን መልሱን ግማሽ የሚሰጣችሁ እሱ ነው።

ጎጃም አንድ ዓይነት መንገድ የለውም። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ከታች ሙቀት ነው፤ ክብደቱ ሁሉ ፊት እግር ላይ ይወድቃል። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር የፊቱ ባሌስትራ ይጫናል። ስትወጡ ደግሞ ተራው የኋላው ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እዚያ ድንጋይና ጭቃ ነው። ቢቸናና ደጀን አካባቢ ጥቁር አፈሩ፣ መረሬው፣ ክረምት ሲገባ ጎማ ይይዛል። ቦዩ ሲጠልቅ መኪናው በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለው ቦታ የሚፈልገው አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው ወርዶ መሬት የሚነካ እግር ነው። ደረቅ ባሌስትራ ይህን አይሰጥም። ጎማው አየር ላይ ቀርቶ ይሽከረከራል፤ እናንተም አካፋ ታወጣላችሁ።

ጭነቱን በሐቀኝነት ጻፉ። “አንዳንዴ እህል እጭናለሁ” አይበቃም። ስንት ኩንታል? በሳምንት ስንቴ? የገበያ ቀን ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ? ስንት ሰው ከኋላ ይቀመጣል? ፊት ላይ የብረት መከላከያና ዊንች አለ? ትርፍ የነዳጅ ጀሪካን የት ነው የሚታሰረው? በሳምንት አንድ ቀን 8 ኩንታል ጭኖ ስድስቱን ቀን ባዶውን ለሚሄድ መኪና የሚሆነው ባሌስትራ፣ ዕለት ተዕለት 3 ኩንታል ለሚጭነው ከሚሆነው ይለያል።

መዝኑ

የጭነት መኪና የሚመዘንበት የምድር ሚዛን ስታገኙ መኪናችሁን አስመዝኑ። አንዴ ሙሉውን ሳይሆን አክስል በአክስል። የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጡና ጻፉ፤ ቀጥሎ የኋላዎቹን። ይህን ባዶውንም፣ እንደተለመደው ጭናችሁም አድርጉት።

ከዚያ ባሌስትራው የማይሸከመውን ቀንሱ። አክስሉ ራሱ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ጎማና ቸርኬው፣ ፍሬኑ መሬት ላይ ነው ያረፉት። እንደ መኪናው መጠን ለአንድ አክስል ከ150 እስከ 250 ኪሎ ግራም ብትይዙለት ከእውነቱ ብዙ አትርቁም። የቀረውን ለሁለት አካፍሉ። አንዱ ባሌስትራ የሚሸከመው ያ ነው።

በምሳሌ እንየው። የፒክአፕ የኋላ አክስል ባዶውን 900 ኪሎ፣ ተጭኖ 1,700 ኪሎ መዘነ እንበል። ለአክስሉና ለጎማው 200 ኪሎ ስንቀንስ 700 እና 1,500 ይቀራል። ለአንድ ባሌስትራ ባዶውን 350፣ ተጭኖ 750 ኪሎ ደረሰው። ልዩነቱ 400 ኪሎ ነው። ይህችን ቁጥር ያዟት።

በጤፍ ኩንታል ጥንካሬውን ለኩ

አሁን ያለው ባሌስትራችሁ ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ ሳታውቁ አዲሱን መምረጥ አትችሉም። መካኒኩ በእጁ ገፋ አድርጎ “ይሄ ደረቅ ነው” ቢላችሁ ያ ልኬት አይደለም። ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ሁለት የተመዘነ ኩንታል ጤፍ ወይም በቆሎ ካላችሁ ሥራው ያልቃል።

መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። ከጎማው መሀል ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የቦዲ ሽፋን) ጠርዝ ድረስ በሜትር ለኩ። ከመሬት አትለኩ፤ ጎማው ራሱ ሲጫን ስለሚሟሽሽ ያሳስታችኋል። ከመለካታችሁ በፊት የኋላውን ተጭናችሁ ሁለት ሦስቴ አወዛውዙትና ልቀቁት። የባሌስትራ ቅጠሎች እርስ በርስ ስለሚፋተጉ መኪናው አንዳንዴ መቆም ካለበት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀራል።

አሁን ሁለቱን ኩንታል ልክ በአክስሉ አናት ላይ ጫኑ። ወደ ጋቢናው ካስጠጋችኋቸው ከክብደቱ ለፊቱ እግር ይካፈላል፤ ልኬቱም ይበላሻል። አወዛውዙና እንደገና ለኩ። ከዚያ አውርዱና አንድ ጊዜ ደግማችሁ ለኩ። ሲጫንና ሲራገፍ የወጣው ቁጥር ጥቂት ሚሊሜትር ሊለያይ ይችላል፤ መሀሉን ውሰዱ።

ሁለቱ ኩንታል ለእያንዳንዱ ባሌስትራ 100 ኪሎ ሰጥተዋል። መኪናው 20 ሚሊሜትር ከወረደ ባሌስትራው ለአንድ ሚሊሜትር 5 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። 10 ሚሊሜትር ብቻ ከወረደ 10 ኪሎ ይፈልጋል፤ ይህ ለፒክአፕ በጣም ደረቅ ነው። 25 ሚሊሜትር ከወረደ 4 ኪሎ ነው፤ ለስላሳ ነው።

ተጨማሪ ሁለት ኩንታል ካላችሁ ቀጥሉ። ሁለተኞቹ ሲጫኑ መውረዱ በግልጽ ካነሰ፣ ከታች ያለው ወፍራም ደጋፊ ቅጠል መሥራት ጀምሯል ማለት ነው። በስንት ኩንታል ላይ እንደጀመረ ጻፉት።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። 5 ኪሎ በሚሊሜትር የሆነ ባሌስትራ ባዶውን 350 ኪሎ ሲሸከም 70 ሚሊሜትር ይወርዳል። ጭነቱ ሲጨመር ሌላ 80 ሚሊሜትር ይወርዳል። እንግዲህ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው መከላከያ ጎማ ድረስ ያለው ክፍተት ባዶውን 10 ሴንቲሜትር ብቻ ከሆነ፣ ተጭኖ የሚቀራችሁ 2 ሴንቲሜትር ነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይመታል። መፍትሔው ግን ሙሉውን ባሌስትራ ማድረቅ አይደለም። ላይኛዎቹን ቅጠሎች ለስላሳ አድርጎ፣ ከታች ጭነት ሲመጣ ብቻ የሚነካ አንድ ወይም ሁለት ደጋፊ ቅጠል ያለው ባሌስትራ መምረጥ ነው። ለገበያ ቀን ጫኝ፣ ለሌላው ቀን ባዶ ለሚሄድ መኪና ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ባዶው መኪና ላይ ባሌስትራው ከነጻ ቅርጹ ስንት እንደወረደም ተመልከቱ። 5 ሴንቲሜትር ብቻ ከወረደ ጀርባችሁ ያውቀዋል። ከ8 እስከ 12 ሴንቲሜትር ከወረደ ለሥራ መኪና መልካም ነው።

ውፍረት፣ ርዝመት፣ ብዛት

ብዙ ሰው የሚቆጥረው የቅጠሉን ብዛት ነው። “ባለ ሰባት ነው፣ ባለ ዘጠኝ ነው” ይባላል። ብዛት ግን ከሦስቱ ትንሹን ነው የሚናገረው።

ቅጠል ብትጨምሩ ጥንካሬው በዚያው ልክ ያድጋል። ስድስት የነበረው ሰባት ቢሆን አንድ ስድስተኛ ያህል ደረቀ ማለት ነው። ውፍረት ግን እንዲህ አይደለም። የውፍረቱ ኩብ ነው የሚሠራው። 7 ሚሊሜትር የነበረው ቅጠል 8 ሚሊሜትር ቢሆን ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይጨምራል። 10 ሚሊሜትር ቢሆን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ርዝመቱም በኩብ ነው፤ ግን በተቃራኒው። 1,200 ሚሊሜትር የነበረው 1,300 ሲሆን ከአምስት እጁ አንዱን ያህል ይለሰልሳል።

ከአይሱዙ የጭነት መኪና የወጣ ወፍራም ቅጠል ፒክአፕ ላይ መጨመር ለምን እንደማይመከር አሁን በቁጥር ማየት ይቻላል። ስድስት ባለ 7 ሚሊሜትር ቅጠል ባለው ድርብ ላይ አንድ ባለ 10 ሚሊሜትር ብታስገቡ፣ ጠቅላላ ጥንካሬው በግምት በግማሽ ይጨምራል። አንድ ብረት ብቻ ነው የገባው። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ሁሉም ቅጠሎች እኩል ሲታጠፉ ወፍራሙ ውስጥ የሚያርፈው ጫና ከቀጭኖቹ ይበልጣል። ስለዚህ አንድም እሱ ቀድሞ ይሰነጠቃል፣ አንድም ቀጭኖቹ እንዳይታጠፉ ይዞ መላ ጉልበቱን ወደ ሻንሲው ማሰሪያ ይልከዋል። ማሰሪያው አካባቢ የተሰነጠቀ ሻንሲ ስታዩ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይሄው ነው።

ስለዚህ የምትፈልጉት ረጅም፣ ቀጭን ቅጠል ያለው፣ ቅጠሎቹ በመጠን እያጠሩ የሚሄዱ ድርብ ነው። የቅጠሎቹን ጫፍ ተመልከቱ። ጫፉ እየሳሳ የሄደ ወይም የተሞረደ ከሆነ ጥሩ ነው። በመጋዝ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ የቀረ ጫፍ በላይኛው ቅጠል ላይ ይቆፍራል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይነሳል።

ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ ያለው፣ መሀሉ ወፍሮ ወደ ጫፎቹ የሚሳሳ ባሌስትራም አለ። ፓራቦሊክ ይባላል። ቅጠሎቹ በጫፎቻቸውና በመሀላቸው ብቻ ስለሚነካኩ ፍትጊያው ትንሽ ነው፤ ጥሩ ይለሰልሳል። ነገር ግን ፍትጊያው ሲቀንስ መኪናውን የሚያረጋው ሾክ አብዞርበሩ (አሞርዛተሩ) ብቻ ይሆናል። ጥራት ያለው አሞርዛተር አብራችሁ ካልገዛችሁ መኪናው ይዋልላል። ከባድ ጭነት ለሚበዛበት መኪናም የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። አንዱ ቅጠል ከተሰበረ የሚተካለት ጎረቤት የለውም፤ አገር ቤትም መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም።

ቆልማማነቱ አያታልላችሁ

በጣም የተቆለመመ ባሌስትራ መሬት ላይ ሲታይ ያምራል። መኪናውንም ያነሳዋል። ግን ከመጠን በላይ የተቆለመመ ባሌስትራ ሲጫን መጀመሪያ በርዝመቱ መዘርጋት አለበት። ያንን የሚያስችለው ማንጠልጠያው ነው። ማንጠልጠያው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ወይም ወደ ተቃራኒው ካዘነበለ ባሌስትራው የሚሄድበት ያጣል። መኪናው እንደ ጋሪ ይነጥራል።

መኪናው በራሱ ክብደት ሲቆም የማንጠልጠያው የታችኛው ጫፍ ከቋሚው የባሌስትራ ጫፍ ራቅ ብሎ ያዘንብል። ባሌስትራው ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ሲሆንም ማንጠልጠያው ከሻንሲው ጋር እንዳይነካ ቦታ ይቅርለት። ይህን ሳትገምቱ መፈተሽ ትችላላችሁ። የባሌስትራውን ዋና ቅጠል ጎንና ጎን ተከትላችሁ በሲባጎ ለኩ፤ ይህ ጠፍጣፋ ሲሆን የሚኖረው ርዝመት ነው። ቀጥሎ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ማለትም በሁለቱ ጫፎች ባሉት ጥቅልል ቀዳዳዎች መሀል፣ በቀጥታ ለኩ። ልዩነቱ ማንጠልጠያው ሊሄድ የሚገባውን መንገድ ይነግራችኋል።

ማንጠልጠያውን አስረዝሞ መኪና ማንሳትም የተለመደ ነው። 5 ሴንቲሜትር ብታስረዝሙ የምታገኙት ከፍታ ግማሹን፣ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። አክስሉም በዚያው ልክ ይዞራል፤ የፊት ከሆነ መሪው ራሱን የመመለስ ልማዱን ያጣል። ከትንሽ ማስተካከያ በላይ አትሂዱበት።

ከሌላ መኪና የሚመጣ ባሌስትራ ሲሆን

ቅየራ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ መኪና የወጣ ባሌስትራ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ካላገኛችሁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ትሄዱ ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን ከመኪናችሁ ላይ ለክታችሁ በወረቀት ያዙ።

መጀመሪያ ወርዱን። የሃይሉክስ ባሌስትራ 60 ሚሊሜትር ነው፤ የላንድክሩዘር 70 ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ለመግጠም ማሰሪያውና የአክስሉ መቀመጫ መቀየር አለበት። ቀጥሎ የጆሮውን ቀዳዳ ስፋትና የጎሚኒውን (ጆሮው ውስጥ የሚገባውን ቀለበት) ልክ። ቀጥሎ ከፊተኛው ጆሮ እስከ መሀሉ ቡሎን (ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዘው)፣ ከመሀሉ ቡሎን እስከ ኋለኛው ጆሮ ለየብቻ።

ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የባሌስትራ መሀል ቡሎን ሁልጊዜ በመሀሉ አይደለም። ፊቱ 55፣ ኋላው 65 ሴንቲሜትር ሊሆን ይችላል። እኩል የተከፈለ ባለ 120 ሴንቲሜትር ብትገጥሙበት አክስላችሁ 5 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል፤ ካርዳኑም ያጥራል ወይም ይረዝማል። አንዳንዴ ይህን ሆን ብሎ መጠቀም ይቻላል። የፊቱን አክስል ትንሽ ወደ ፊት ማውጣት ለትልቅ ጎማ ቦታ ይሰጣል። ግን አውቃችሁ አድርጉት።

የግራና የቀኝንም አትርሱ። አንዳንድ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የሁለቱ ጎን ባሌስትራ ይለያያል። ሹፌሩ፣ የነዳጅ ታንከሩ ወይም ባትሪው ያለበት ጎን ትንሽ ከፍ ያለ ይሰጠዋል። ጥንዱን ሳትቀላቅሉ ግዙ።

አሮጌውን እንዴት ትመርምሩት?

ሻጩ “ከአዲስ አይለይም” ይላችኋል። እናንተ ግን ብረቱን ጠይቁት።

ሁለቱን ጎን ለጎን ደልዳላ ወለል ላይ ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከወለሉ እስከ መሀላቸው ለኩ። ልዩነቱ ከ5 ሚሊሜትር ካለፈና ሻጩ ምክንያቱን መናገር ካልቻለ ተዉት። አንዱ ደክሟል።

ከዚያ የሽቦ ብሩሽ ለምኑና የመሀሉን ቡሎን አካባቢ አጽዱ። የባሌስትራ ስንጥቅ የሚወደው ይህን ቦታ ነው። ቀዳዳ ስላለበት ብረቱ ሳስቷል፤ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልት ከላላ ደግሞ መታጠፉ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ ዝገት ከሸፈነው አይታይም። ጣታችሁን ነዳጅ ነክራችሁ ቀቡት፤ ጥረጉት፤ ትንሽ ጠብቁ። ስንጥቅ ካለ ነዳጁ ከውስጥ ወጥቶ ቀጭን እርጥብ መስመር ይሠራል። ከዚያ የጆሮውን ጥቅልል፣ የማሰሪያ ቀለበቶቹን አካባቢና የታችኛው ቅጠል ጫፍ የሚያርፍበትን ቦታ እዩ። በጥፍራችሁ የሚዳሰስ ጉድጓድ ካለ አልቋል። በቅጠሎቹ መሀል ንብርብር ዝገት ገብቶ ከለያያቸውም አትውሰዱት።

ብየዳ ያረፈበት ባሌስትራ በነጻ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። ባሌስትራ ሞላነቱን ያገኘው ግሎ፣ በዘይት ተነክሮ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ነው። ብየዳም ሆነ የጋዝ እሳት ያን ሁሉ ይሰርዘዋል። “በእሳት አቆልምሜ ከፍ አደርግልሃለሁ” ለሚላችሁ ሰው መልሱ ተመሳሳይ ነው። ሲወጣ ያማረ ይመስላል፤ ጥቂት ጊዜ ጭኖ ከሄደ በኋላ ወይ ይዘረጋል ወይ ይሰበራል። የደከመ ባሌስትራ ከቀጥቃጭ እጅ ገብቶ ማረሻና መጥረቢያ ይወጣዋል፤ ብረቱ ለዚያ ግሩም ነው። መኪና ሥር ግን አይመለስ።

ከአክስሉ በላይ ለሚያስሩ

ካልሆነ አይሆንም ብላችሁ ሁለተኛውን ቅየራ ከመረጣችሁ፣ የባሌስትራው ምርጫም ይለወጣል። ከፍታውን አክስሉ ሰጥቷችኋል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ማለት የሚቻል ባሌስትራ ምረጡ። የተቆለመመ ከጨመራችሁበት መኪናው ለመገልበጥ ነው የሚዘጋጀው።

ትልቁ ችግር መጠምዘዝ ነው። ከባድ ማርሽ አስገብታችሁ ዳገት ላይ ስትረግጡ አክስሉ ራሱን ወደ ኋላ ማዞር ይፈልጋል። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ሲሆን ክንዱ ስለሚረዝም ቅጠሉ እንደ ኤስ ፊደል ይጣመማል። ከዚያ ዘሎ ይመለሳል። ክሮቼራ (የካርዳኑ መስቀለኛ መጋጠሚያ) የሚሰበረው በዚህ ነው። ከመሀል ቡሎኑ በፊት ያለው ግማሹ አጠር ያለና ጠንከር ያለ ባሌስትራ ይህን ይቀንሳል። ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የሚሄድ፣ በጫፉ የሚወዛወዝ መከልከያ ዘንግ ማሠራት ደግሞ ያስቀረዋል። ዘንጉ ሻንሲው ጋ ሲታሰር እንደ ማንጠልጠያ መወዛወዝ አለበት፤ ድርቅ ብሎ ከታሰረ ባሌስትራውን ይይዘዋል።

የአክስሉን መቀመጫ እስከ መጨረሻው አትበይዱት። በነጥብ ብቻ አስይዛችሁ መኪናውን በጎማው አቁሙ፤ የካርዳኑን አቅጣጫ እዩ፤ የፊት ከሆነ የመሪውን ዘንበል ለኩ። ልኩ ሲገኝ ብቻ ይበየድ። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ቲራንቲው (የፊት ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ) የሚሄደው የመሪ ዘንግ እንደ ድሮው ከቀረ በጣም ያዘነብላል፤ ጉድጓድ በመታችሁ ቁጥር መሪው በራሱ ይጎተታል። እሱም ወደ ላይ መነሳት አለበት። የፍሬን ቱቦዎቹ መርዘም አለባቸው። እነዚህን ለማሠራት ገንዘቡ ከሌለ ቅየራውን አዘግዩት። ባሌስትራውን ቀይሮ መሪውንና ፍሬኑን ለነገ ማለት አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

እንዲህ ያለ ትልቅ ለውጥ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ቦሎ ከማደሳችሁ በፊት ሳይሆን ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

መግጠምና መከታተል

ዩ ቦልት ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። አንድ ጊዜ ጠብቆ የተለጠጠ ዩ ቦልት ሁለተኛ ሲጠብቅ ያንኑ ያህል አይዝም። የመሀሉ ቡሎን ራስ በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ካልገባ አክስሉን የሚይዘው የዩ ቦልቱ ጥብቀት ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ድንጋይ ሲመታ ይንሸራተታል። አራቱን ዳዶዎች በመስቀለኛ ተራ በተራ አጥብቁ።

ጎሚኒው የጎማ ከሆነ የጆሮ ቡሎኖቹን መኪናው ክሪክ ላይ ሆኖ አታጥብቁ። አስገቡ፣ በላላው ተዉት፣ መኪናውን በጎማው አውርዱ፣ አወዛውዙ፣ ከዚያ አጥብቁ። አየር ላይ እንዳለ ከጠበቀ ጎሚኒው መኪናው ሲቆም ሁልጊዜ እንደተጠማዘዘ ይኖራል፤ ቶሎም ይቀደዳል።

ሾክ አብዞርበር የሚገዛው አሁን ነው እንጂ ቀድሞ አይደለም። አንዱን ጎማ ጉብታ ላይ አውጡ፤ በተቃራኒው ጎን ያለው እስከሚወርድበት ይውረድ። ማሰሪያ ለማሰሪያ ሁለቱንም ጎን ለኩ። ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ከአጭሩ ልክ ያጠረ፣ ሲዘረጋ ደግሞ ከረጅሙ ልክ የረዘመ አሞርዛተር ምረጡ። መኪናው እንዲህ ተጣሞ እንደቆመ ሥር ግቡና ተመልከቱ። የፍሬን ቱቦ ተወጥሯል? ጎማ ቲራንቲውን ነክቷል? ካርዳኑ ሻንሲ ላይ ያርፋል? ከመግባታችሁ በፊት ግን ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፉ።

ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ ዩ ቦልቶቹን እንደገና አጥብቁ። ከ500 በኋላም እንዲሁ። አዲስ ባሌስትራ መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ይቀመጣል። ስለዚህ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ያለውን ልክ በገጠማችሁበት ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ሁለቱም ጎን እኩል ጥቂት ሚሊሜትር ከወረደ ጤናማ ነው። አንዱ ጎን ብቻ ከወረደ፣ ወይም መውረዱ በሁለተኛውም ወር ከቀጠለ፣ ድርቡን ፈታችሁ ቅጠል በቅጠል መርምሩ። ምናልባት የተሰነጠቀው ከላይ የማይታየው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቅጠል ነው።